ያልገዛኋት ምላጭ

ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ባለፈው ወር የጎረቤቴ ልጅ፣ ሚስቱ የመጀመሪያዋን ልትወልድለት ተቃርባ፣ ከላሊበላ ሁለት ፌስታል ሙሉ ዕቃ አንጠልጥሎ በደጄ አለፈ። ጠርቼ አስቀመጥሁትና ምን እንደገዛ ጠየቅሁት። እየሳቀ አንድ በአንድ ዘረገፈልኝ። ከመካከሉ አውራ ጣቴ እንኳ የማይገባባት ጫማ ወጣች። ጫማዋን ሳይ ደሜ ፈላ። "ሂድ፣ መልሰህ የሚረባ ነገር ግዛ" ብዬ ጮኼበት አባረርሁት። ልጁ ምን እንዳጠፋ አልገባውም። ሚስቴ ከጓዳ ሆና ስትሰማኝ ቆይታ፣ "ሳትነግረው ትጮህበታለህ፤ ያንተን ጉድ በምን ይወቅልህ? አፍ ካቃተህ ጻፈው" አለችኝ። እንግዲህ ይኸው።

የመጀመሪያ ልጄን ስጠብቅ ማን እንደነበርሁ በአጭሩ ልበል። ኢሕአዴግ ገብቶ አራት አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ አርባ ልሞላ ጥቂት የቀረኝ፣ ከአሸተን ማርያም ጀርባ ደጋው ላይ ገብስና ባቄላ የማርስ ሰው ነበርሁ። ጦርነቱ ወጣትነቴን በልቶት ዘግይቼ ነው ያገባሁት። አገሩ "ዳዊት ደጋሚው" ይለኛል። ስሙ የመጣው እንዲህ ነው። አጎቴ ደብተራ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ከእግሩ ሥር እየተቀመጥሁ፣ እሱ ሲል እያልሁ፣ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በጆሮዬ ያዝሁት። ፊደል ግን አልቆጠርሁም። አጎቴ ሲሞት መጽሐፉን ከነማኅደሩ ተወልኝ። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ገልጬ እደግማለሁ፤ ቅጠሉን በግምት አገላብጣለሁ። የሚያየኝ ሁሉ ያነባል ይላል። እኔም አላነብም ብዬ አላውቅም። ሲውል ሲያድር ዝምታዬ ማዕረግ ሆነኝ፤ ለቅሶ ቤት ስገባ ቦታ የሚለቀቅልኝ በእሷ ነው።

በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ተብሎ ሽማግሌ አሮጊቱ ሰሌዳ ፊት ሲቀመጥ፣ "ዳዊት የደገመ ሰው ሀ ሁ ይበል?" ብዬ ቀረሁ። ሰብሳቢዎቹም እውነቱን ነው አሉ። አንዱ እንኳ እስቲ ይችን አንብብ ያለኝ የለም። ምነው ባለኝ ኖሮ።

ሚስቴ እናኑ ስታረግዝ ቤቱ ፈራ። ታላቅ እህቷ ሁለት ልጅ ወልዳ፣ ሁለቱም በሳምንታቸው መንጋጋቸው ተቆልፎ፣ ጡት መያዝ አቅቷቸው፣ እንደ ቀስት ተለጥጠው ሞተውባታል። ሰው ሾተላይ ነው ይል ነበር። በወር አንድ ቀን ወደ ቀበሌያችን የምትወጣ አንዲት ጤና ረዳት ነበረች፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ የከተማ ልጅ። እሷ ለሴቶቹ ሌላ ነገር ትነግራቸው ነበር አሉ፤ እኔ በሴት ወሬ ጆሮዬን ስለማልጥል አልሰማሁም። ይህንንም ከጥፋቴ ቁጠሩት።

እናኑ መውለጃዋ ሲቃረብ ጤና ረዳቷ እቤት ገብታ አየቻት፤ ብዙ ተነጋገሩ። ከዚያ ወደ አውድማው ወጣችና ከደብተር ላይ የገነጠለችውን ወረቀት ሰጠችኝ። ለልጁና ለእናቲቱ የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ የተጻፈበት ነው አለችኝ።

"ጋሼ፣ ያነባሉ አይደል?"

"ዳዊት የደገመ ሰው ይችን ያቅተዋል?" አልኋት።

"እንግዲያው አንዱም እንዳይቀር። በተለይ የመጀመሪያው።" ይህን ብላ ከበቅሎዋ ጋር ቁልቁል ወረደች። የመጀመሪያው ምንድን ነው ብዬ ብጠይቃት ምን ነበረበት? ወረቀቱ እጄ ላይ ነው፤ ምን ብዬ ልጠይቅ።

አማቴ እማማ ብርቄ፣ ሳይወለድ ለልጅ ዕቃ ማሰናዳት ሟርት ነው ብላ ተቆጣች። ልጅ ሲወለድ በእናቱ አሮጌ ነጠላ ይጠቀለላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አምላክ ያውቃል፤ እኛ ሁላችን እንዲሁ ነው ያደግነው አለች። እኔ ደግሞ አትግዛ ስባል የምገዛ ሰው ነኝ። ቅዳሜ አንድ ሙክት እየነዳሁ ወደ ላሊበላ ገበያ ወረድሁ፤ ሽጬ ወደ ሱቅ ገባሁ።

ባለሱቁን ይርጋ እንበለው። መደርደሪያው ላይ የከተማ ሰው ሚስቶች ይገዙኛል ብሎ ያመጣው፣ ማንም ያልገዛው ዕቃ አቧራ ጠጥቶ ተደርድሯል። ወረቀቱን ሰጠሁትና መነጽሬን ረስቼ ስለመጣሁ አንብቦ እንዲያወጣልኝ ነገርሁት። መነጽር በዘመኔ አድርጌ አላውቅም።

ወረቀቱን ዐየ። ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ትከሻዬ ላይ ያለውን የዳዊቴን ማኅደር ዐየ። ወረቀቱን መልሶ እጄ ላይ አደረገልኝና፣ "ብዙ ነው ወንድሜ። ከየትኛው እንጀምር?" አለኝ።

ጥቂት አፈጠጥሁበት። ቅንድቤንም ሰብሰብ አደረግሁ። "እንደ ተጻፈው፣ ከላይ ጀምር" አልሁት።

ፈገግ አለ። ወረቀቱን ተቀብሎ ማንበብ ጀመረ። አንደኛ ጡጦ ይላል አለኝ። እናቲቱ ጡት አላት እኮ ብለው፣ ጡቷ ወተት እስኪያወርድ ነው አለ። ሁለተኛ የቆርቆሮ ወተት። ሦስተኛ ለገላው የሚነሰነስ፣ ሽታው አፍንጫ የሚቆነጥጥ ዱቄት። አራተኛ እንደ ዣንጥላ የሚዘረጋ የሕፃን አጎበር። በእኛ ደጋ ትንኝ በብርድ ሞታ አልቃለች፣ አጎበር ለምን አልሁት። ለነፋስም ይሆናል አለኝ። አምስተኛ ጫማ። በጣቱ ሲጫናት ጢው አለች።

"ገና ላልተወለደ ልጅ ጫማ?"

"አጥንቱ ከወዲሁ እንዲጠና ነው። አንተ ከሐኪም ትበልጣለህ?"

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ባልገባኝ ቁጥር የበለጠ አመንሁ። የተማረ ሰው የጻፈው ነገር ለእንደኔ ያለው መቼ ይገባል ብዬ። የሙክቱ ገንዘብ አልበቃ ብሎ ለጨው የያዝሁትን ጨመርሁበት።

ዳገቱን ስወጣ ከደብራችን ቄስ ከመምሬ አያሌው ጋር ተገናኘን። መምሬ ሰው ሲያዩ መጠየቅ ይወዳሉ። ምን ተሸክመህ ነው አሉኝ። ሐኪም ያዘዘውን የሕፃን ዕቃ ነው አልኋቸው፤ ከፍ ብዬ። እስቲ ትእዛዟን አሳየኝ፣ እኛም እንወቀው አሉ። ወረቀቱ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው። ባወጣው ኖሮ ነገሩ እዚያው መንገድ ላይ ያልቅ ነበር። "የሐኪም ነገር ለሰው አይገለጥም፣ መምሬ" አልኋቸው። ደግ አሉና አለፉ።

እቤት ገብቼ ዕቃውን መደቡ ላይ ዘረገፍሁት። እማማ ብርቄ ጡጦዋን በሁለት ጣት ብድግ አድርጋ፣ ይህች የጥጃ ናት ወይ ብላ ጠየቀች። እናኑ አልሳቀችም። እያንዳንዷን አነሣች፣ አስቀመጠች፣ ሌላ ትፈልግ ጀመር። ፌስታሉንም ገልብጣ አራገፈችው።

"ምላጩስ?" አለችኝ።

"የምን ምላጭ?"

"የእትብቱ። ያልተከፈተ አዲስ ምላጭ። እኔን እኮ ነገረችኝ፤ የእህቴን ልጆች የገደለው እትብታቸው የተቆረጠበት ማጭድ ነው አለችኝ። ለባልሽ እጽፍለታለሁ ብላለች።"

ያን ጊዜ አንዲት ቃል ብተነፍስ፣ ይርጋ ነው ያነበበልኝ ብል፣ በቂ ነበር። ያላልሁት አማቴ ቆማ ስለነበር ነው። "ምላጭ አልተጻፈም" አልሁ።

"አንብብልኝ እስቲ።"

ወረቀቱን አወጣሁ፣ ዘረጋሁ። ይርጋ ያለኝን በጆሮዬ ይዤዋለሁ፤ ጆሮዬ ድሮም ታማኝ ናት። እንደ ዳዊት ደገምሁላት። አንደኛ ጡጦ፣ ሁለተኛ የቆርቆሮ ወተት፣ እያልሁ፣ ጣቴንም በመስመሩ ላይ እያስኬድሁ፣ ጫማው ድረስ። እናኑ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። "እንግዲያው እኔ አጥፍቼ ሰምቼ ይሆናል" አለች። አንባቢዎቼ፣ በዕድሜዬ ሰው መትቻለሁ፣ በጦርነት ተኩሻለሁ፤ ከዚያች ንባብ የከፋ ኃጢአት ግን የለኝም። ሚስቴ የሰማችውን እውነት በገዛ ጆሮዋ እንድትጠራጠር አደረግኋት።

ሰኞ ጠዋት ፀሐይ ወጣ ስትል ምጥ ያዛት። ገና ሁለት ሳምንት ይቀራታል ተብሎ ነበር። ሴቶቹ ገቡ፤ እማማ ብርቄ እሳት ዳር ተቀምጣ ማጭዱን በጨርቅ ትወለውላለች። እኛ ደጅ ነን። መምሬ አያሌው እንደ ልማዱ ጸሎት ሊያደርሱላት መጡ፤ ጠበሉን ረጭተው በሩ ላይ ቆመው ሲጸልዩ፣ እናኑ ከውስጥ በምጥ መካከል ተጣራች።

"መምሬ! ያንን ወረቀት እርስዎ ያንብቡልኝ።"

መምሬ ዞረው ዐዩኝ። የት እሸሻለሁ? ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። እኔ በልቤ ይርጋ ያነበበውን እንደሚያነቡ እጠብቃለሁ፤ እናኑን ጸጥ ያሰኙልኛል ብዬ። እንዲያ ያለ ግትር ነበርሁ።

መምሬ ወረቀቱን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ። "አዲስ ምላጭ፣ ከነማሸጊያው። የሚቀቀል የእትብት ማሠሪያ ክር። ሳሙና። ከሥር የሚነጠፍ ላስቲክ። ንጹሕ አቡጀዲ።" ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ከምላጩ ሥር ሁለት ጊዜ ተሠምሮበታል" አሉ።

አለቀ። ጡጦ የለ፣ ጫማ የለ። መምሬ ወረቀቱን አጥፈው ሲመልሱልኝ ዓይኔን አላዩም። ያኔ እንደገባቸው ገባኝ።

እናኑ ስትናገር ድምፅዋ የሰው አይመስልም ነበር። "ምላጭ አምጣ። እስክትመጣ ማንም አይነካውም። እናቴም ብትሆን።"

ምላጭ ያለው ሰው ፈለግሁ። መምሬ ጢም አይላጩ ምን ምላጭ አላቸው። ጎረቤቶቼም እንደኔው አንዷን ምላጭ ዓመት የሚስሉ ናቸው። ቁልቁል ወደ ላሊበላ በረርሁ። ጤና ረዳቷ በዚያች ሳምንት ሌላ ቀበሌ እንደሆነች ስለማውቅ እሷን አልጠበቅሁም። ከአሸተን በታች ያለው ገደል ላይ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ቀን ነው።

ይርጋ ሱቁን ገና መክፈቱ ነበር። ምላጭ አልሁት። ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ልኮ ከራሱ በላይ ከተንጠለጠለው ካርቶን ላይ አንዷን ነጥሎ ሰጠኝ። ቅዳሜ ዕለት ያች ምላጭ ከጭንቅላቱ አንድ ክንድ ርቃ ተንጠልጥላ ነበር። ከሱቁ ዕቃ ሁሉ የረከሰችው እሷ ናት። ያኔ ዓይኔ ላይ የሆነ ነገር ወረደ። ጠረጴዛውን ዘልዬ አንገቱን ያዝሁት። ምላጭ ተጽፎ ሳለ ለምን ጫማ አነበብህልኝ አልሁት።

አንቄው እንኳ አልፈራኝም። "ወረቀቱን ገልብጬ ነው የሰጠሁህ" አለኝ። "ቅዳሜ። እግሩን ወደ ላይ አድርጌ። አንተ ደግሞ እንደ ተጻፈው ከላይ ጀምር አልኸኝ። ራስህን የምትዋሽ ሰው፣ እኔ ብዋሽህ ምን ይጎድልብሃል?"

ሸሚዙን ተረተርሁት። ሰው ገባ፤ አንድ ሚሊሻ መጥቶ ለያየን፤ አስቀመጠኝ፤ ስም ጠየቀኝ፤ አገር ጠየቀኝ። ሚስቴ ምጥ ላይ ናት እያልሁ ነው፣ እሱ ደግሞ ሰው አንቀህ የት ትሄዳለህ ይለኛል። ያች ጊዜ ናት እስከ ዛሬ የምታቃጥለኝ። ምላጯ በእጄ ገብታ ሳለ ቁጣዬን ልወጣ ብዬ የቆየሁባት። ሚሊሻው ኋላ ወልዶ የሚያውቅ ሰው ሆነና፣ ይርጋ ለሽማግሌ እንዲከሰኝ አስማምቶ ለቀቀኝ። ክርና ሳሙና ከሌላ ሱቅ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ።

ስደርስ ፀሐይ አዘንብላለች። እማማ ብርቄ ደጅ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሞተዋል ብዬ ጮኽሁ። በእጇ ወደ ውስጥ ጠቆመችኝ።

ልጅቱ ከረፋዱ ጀምሮ ተወልዳለች። የእንግዴ ልጁም ወርዷል፤ እትብቱ ግን አልተቆረጠም። እናኑ ልጅቱን ደረቷ ላይ፣ የእንግዴ ልጁን በጨርቅ ጠቅልላ ጎኗ ላይ አድርጋ፣ እትብቱን በእጇ ጨብጣ ተቀምጣለች። ሴቶቹ ይህ ነውር ነው፣ ልጅቱ ትቀዘቅዛለች፣ ደሟ ወደ እንግዴ ልጁ ይመለሳል ብለው ለምነዋታል። እናቷ ማጭዱን ይዛ ብትቀርብ በእግሯ ገፍታታለች። አንዲት ገና የወለደች ሴት ቤት ሙሉ ሰው እንዲህ አድርጋ መክታ ይዛ ነበር።

ምላጩን ከነማሸጊያው ሰጠኋት። ክሩ ተቀቀለ፣ የእማማ ብርቄ እጅ በሳሙና ታጠበ፣ ምላጩ ተከፈተ፣ ተቆረጠ። ልጅቱ ጮኸች። እኔ ጥግ ቆሜ አለቀስሁ። እናኑ ከዚያች ሰዓት በኋላ ስምንት ቀን ሙሉ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። እነዚያን ቀናት ሁሉ ሁለታችንም የልጅቱን አፍ ስናይ ነው የዋልነው፤ ጡት ያዘች ወይ፣ መንጋጋዋ ላላ ወይ እያልን። በስምንተኛው ቀን ልጅቱ በአፏ ሙሉ ጠባች፣ አዛጋች። እናኑ ያኔ ቀና ብላ ዐየችኝ።

"ልጅቱን ያዳንኋት እኔ ነኝ" አለችኝ። "አንተ ምላጭ ነው ያመጣኸው።"

ስሟን ትዕግሥት አለቻት። ሰው ሁሉ ለጠባይዋ የወጣ ስም ይመስለዋል።

ይርጋ እንዳለው ለሽማግሌ ከሰሰኝ። ከዚያ በኋላ በመጣው ቅዳሜ ላሊበላ ገበያው ዳር ካለች ወይራ ሥር ተቀመጥን። መምሬ አያሌው ምስክሬ ሆነው አብረውኝ ወረዱ። ይርጋ የተቀደደ ሸሚዙን ይዞ ቀረበ። ነገሩንም በብልሃት አቀረበው። ይህ ሰው ዳዊት ደጋሚ ነው፣ አገር ያውቀዋል፣ ማኅደሩ ከትከሻው ወርዶ አያውቅም፤ የተማረ ሰው ራሱ አንብቦ፣ ራሱ አዝዞ ገዛኝ፤ ኋላ ሚስቱ ስትቆጣው አንገቴን አነቀ፤ እኔ እንዴት አድርጌ ላታልለው እችላለሁ አለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ ልክ ነው። ማንበብ የሚችልን ሰው በንባብ ማን ያታልለዋል?

አንደኛው ሽማግሌ ወደ መምሬ ዞሩና፣ "እርስዎ ያውቁታል፤ ያነባል አያነብም?" አሏቸው።

መምሬ አመነቱ። ፊታቸው ላይ ዐየሁት፤ ሊሸፍኑልኝ ነው። እኔን ሊያከብሩ ብለው በክህነታቸው ሊዋሹ ነው። ቢዋሹልኝ ክብሬ ይተርፋል፤ ይርጋም ይተርፋል፤ ነገ ደግሞ ለሌላ አባት ጫማ ያነብለታል። ገበያተኛው ከቦን ቆሟል፤ ከቀበሌዬ የመጣ ሰውም አለ።

"መምሬ፣ ይተዉ" አልሁ። ተነሣሁ። ዳዊቱን ከማኅደሩ አውጥቼ ከመካከሉ ገልጬ ለሽማግሌው ሰጠሁት። "ይኸው። የተገለጠው የትኛው መዝሙር እንደሆነ አላውቅም። የመጀመሪያዋን ቃል ከነገራችሁኝ ሁሉንም በቃሌ እላችኋለሁ። ካልነገራችሁኝ አንዲት አልላችሁም። እኔ ማንበብ አልችልም። ሕዝቡን ሁሉ ስዋሽ ኖሬያለሁ። ይህ ሰው አውቆብኝ የሐኪም ወረቀት አጣሞ አነበበልኝ፤ ልጄ በእሱና በእኔ ውሸት መካከል ተወለደች።"

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ማን እንደሆነ ዞሬ አላየሁም። ካየሁት ያኔም እጄ አያርፍም ነበር።

ሽማግሌዎቹ ፈረዱ። ይርጋ ዕቃውን ተቀብሎ ገንዘቡን ይመልስ፣ እኔ ሸሚዙን ልካስ፣ ተቃቅፈን ይቅር ለእግዚአብሔር እንባባል አሉ። ሸሚዙን ካስሁ። ማቀፉ ላይ ግን እምቢ አልሁ። ለመኑኝ፣ ተቆጡኝ፣ መምሬ መስቀላቸውን አወጡ። መስቀሉን ተሳለምሁና፣ "እኔን ላታለለኝ ይቅር ብያለሁ፤ እኔም አታላይ ነበርሁና" አልሁ። "የልጅቱን ግን እኔ ይቅር የምል አይደለሁም። የተበደለችው እሷ ናት። አፍ ስታወጣ እሷን ጠይቋት።" ግትር ነው ብለው ተነሡ።

ከዚያ በኋላ መምሬ አያሌው ፊደል አስቆጠሩኝ። በቀን፣ በአደባባይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር፤ ተደብቄ አልተማርሁም። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። እስከ ዛሬ ስጽፍ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ ይህችን ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ወስዶብኛል። ለቅሶ ቤት ስገባ አሁን ቦታ የሚለቅልኝ የለም። በደጃፉ እቀመጣለሁ፤ ነፋስ አለው፣ ይሻለኛል።

እናንተ የመጀመሪያ ልጃችሁን የምትጠብቁ፣ ሱቅ ስትገቡ የሚያምረውን አትጠይቁ። የምታስረዋንና የምትቆርጠዋን፣ የምትነጠፈዋንና የምታጥበዋን ጠይቁ። ልጅ ጫማ የሚያስፈልገው ሲቆም ነው፤ ሊቆም የሚችለው ደግሞ መጀመሪያ ሳምንቱን ካለፈ ነው። አሁን ጤና ጣቢያ አለ፣ ሚስቶቻችሁን እዚያ ውሰዱ፤ ሰበብ አታብዙ። ለሰው የምታነብቡም፣ የተጻፈውን አንብቡ። ማንበብ የማይችል ሰው ዓይኑን ነው የሚያውሳችሁ፤ በዓይኑ ውስጥ ዕቃችሁን አትሽጡበት። የማታነቡ ደግሞ አላነብም በሉ። አንዲት ቃል ናት። የምታስከፍለው እፍረት ካለማለት ዕዳ ጋር አይተካከልም።

ትዕግሥት አሁን ትልቅ ሴት ናት፤ ኮን ከተማ አስተማሪ ሆና ትሠራለች። ባለፈው ለበዓል ስትመጣ ለሽማግሌዎቹ ያልሁትን ነገርኋት፤ ጠይቋት እንዳልሁ፣ ማንም እንዳልጠየቃት። እኔ ልጠይቅሽ አልኋት፤ ያንን ባለሱቅ ይቅር ትይዋለሽ ወይ?

"አባዬ፣ እሱን አላውቀውም" አለችኝ። "እኔ የምጣላ ብሆን መጀመሪያ የምጣላው ከአንተ ጋር ነው። ለእማዬ ያንን ወረቀት በሐሰት ስላነበብህላት።"

ከእናቷ ነው የሰማችው ማለት ነው። ሦስት ቀን ተቆጥቼ አላናገርኋትም። በአራተኛው ቀን ወደ ሥራዋ ስትመለስ መኪና ማቆሚያው ድረስ ሸኘኋት፤ ሻንጣዋን ተሸክሜ።